ሁለተኛ ድምፅ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ አዘዞ፣ ክፍል «ስምንተኛ ለ»፣
ወንበሩ ተነሥቶ ግድግዳው ሥር አለ።
ሠላሳ አንድ ልጆች፣ አንድ ኪቦርድ አለን፣
«ፋ»ው ሲነካ ዝም የሚለን።
«ባሕታዊው» ብለን ስም አወጣንለት፤
ተራው በደረሰ ቁጥር በአፌ እኔው ገባሁለት።

እኔ ራሴ የተማርኩት በክረምት ሥልጠና ነው፣ አሥራ ሁለት ቀን፤
ምስክር ወረቀቱ ቤቴ አለ፣ ምስጥ በልቶት አንድ ጎን።
ከዚያ በቀር ያለኝ ጆሮ ነው። ጆሮ ደግሞ በደሞዝ አይቆጠርም፤
ርእሰ መምህሩ «ለምን ደከምሽ?» ሲሉኝ የማሳያቸው ነገር የለኝም።

እዚህ አገር ልማዱ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤
ሁሉም በአንድ መንገድ ወጥቶ በአንድ መንገድ ይመለሳል።
እኔ መጥቼ ነው «ተለያዩ» ያልኩት፣
መንገዱን ለሁለት የሰነጠቅኩት፦
«እናንተ በዳገቱ፣ እናንተ በታች፣ በወንዙ፤
ሳትነካኩ ሂዱ፣ ግን ተያያዙ።»

ስድስት ቅዳሜ።
ሁለተኛው ድምፅ ይነሣል፣ ይንገዳገዳል፤
ሦስተኛው ስንኝ ላይ አንዱ ጆሮ ይከዳል፣
ሾልኮ ወደ ዜማው ይሄዳል።
እሱን ሰምቶ ሌላው፣ ሌላውን ሰምቶ ሁሉ፤
መጨረሻው ላይ ሠላሳ አንዱም አንድ ናቸው፣ ደስ ብሏቸው ይስቃሉ።
«ቲቸር፣ አንድ ላይ ሲሆንኮ ይሞቃል» አለችኝ ትርንጎ ቀስ ብላ፤
እውነቷን ነው። ምን ልበላት? ጠመኔዬን ጨበጥኩ እንደ ዱላ።

ወንዶቹን እንዳላማው ይይዛል፤ የሒሳብ መምህር ነው፣
ዜማ አያውቅም፤ መቁጠር ነው ጸጋው።
«ሦስት ላይ ተንፍሱ» ይላል፤ በጣቱ ጠረጴዛ ይመታል፤
እሱ ባይኖር ዘፈናችን ወይ ቀድሞ ወይ አርፍዶ ይመጣል።

ማንደፍሮ ግን፣
እስከ ጥር ድረስ እሱ ነበር አውጪው፣
ላይኛዋን ማማ እንደ ድመት ወጪው።
የካቲት ላይ ጉሮሮው ውስጥ አንድ በር ሲጢጥ አለ፤
ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ከኋላ ቆሞ አፉን ብቻ እያንቀሳቀሰ ዋለ።
አየሁት። ዝም አልኩት። ጥፋቴ ነው፤ እዚህ ይጻፍ፦
«ነገ አነጋግረዋለሁ» እያልኩ፣ ስንቱ ቅዳሜ ሲያልፍ።

ግንቦት በገባ በሁለተኛው፣ ከደንቢያ በኩል ጠቆረ፤
ቆርቆሮው ላይ በረዶ እንደ ሽምብራ ይፈነዳ ጀመረ።
የቆርቆሮ መስኮቱን ዘጋን።
መብራት ሄደ።
ባሕታዊው ብቻ ሳይሆን መላው ገዳሙ ዝም አለ፤
ያነሣሁት እጅ ለማንም ሳይታይ አየር ላይ ተንጠለጠለ።
እንዳላማው ቆጠረ፤ በረዶው ቁጥሩን ዋጠ፤
ከዚያ ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር፣ አንድ ትንፋሽ አመለጠ፦
ሻካራ፣ ረጅም፣ ደረቱ ገና ያልለመደው ስፋቱን።
የማንደፍሮ ነበር፤ ሠላሳው በሱ ትንፋሽ ጀመረ ቤቱን።

ላይኛው በዳገቱ ወጣ። ታችኛው በወንዙ።
ሦስተኛው ስንኝ ላይ «አሁን ይከዱኛል» አልኩ፤ አልከዱም፤ ተጓዙ።
ከሁለቱም ሥር ደግሞ ያላስተማርኩት ሦስተኛ ነበር፣
ጎርፍ ሲወርድ የቀሃ ድንጋይ ከውኃው በታች እንደሚናገር።
አንዳንዴ ይስታል፣ አንዳንዴ ይሰነጠቃል፤ አይለቅም ግን ቦታውን፤
እጄን አውርጄ ኪሴ ከተትኩ። ከእንግዲህ ልምታ የቱን?

መብራቱ ሲመጣ ተያዩ፤ አፈሩ፤
አራተኛው ስንኝ ላይ ተሰባሰቡ፣ እንደ ድሮው በአንድ ዜማ አደሩ።
ትርንጎ ሳቀች። እንዳላማው «ከመጀመሪያው!» አለ እንደ ልማዱ።

ማንደፍሮን በር ላይ ጠበቅሁት፤ ጭቃ ሆኖ መንገዱ።
«ያ ድምፅ የማን ነው?» አልኩት። በጫማው ጭቃ እየፋቀ ሰማኝ፦
«እኔ አልዘፈንኩም፣ ቲቸር፤ ብርዱ ነው ያስተነፈሰኝ።»

«እንግዲያው» አልኩት፣ «ለቅዳሜ ሹራብ ሳትለብስ ና።»